ከደረት እስከ ስልክ፦ የልብ ሲግናልን በሽቦ አልባ ለመከታተል የሚደረግ ምርምር ደረጃ በደረጃ

በደረት ላይ ተለጥፎ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያነብ፣ ያነበበውንም በሬዲዮ ወደ ስልክ የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ መገጣጠም ዛሬ ለአንድ የምህንድስና ተማሪ ከባድ አይደለም። ቺፑም ሬዲዮውም ተዘጋጅተው ይገዛሉ። ከባዱ ነገር በስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር በእርግጥ የልቡ ቁጥር መሆኑን ማሳየት ነው። ሲግናሉ ከቆዳ ተነሥቶ ስክሪን ላይ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ እያንዳንዱ እጅ ደግሞ አንድ ነገር ይቀንስለታል። ማጉያው ይቀንሳል፣ ማጣሪያው ይቀንሳል፣ ሬዲዮው ይቀንሳል፤ አልጎሪዝሙም በመቶ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን (በየቅጽበቱ የተለኩ እሴቶችን) ጥሎ አንዲት ነጥብ ያስቀራል። መቀነሱ ጥፋት አይደለም፣ ሥራው ራሱ ይኸው ነው። ጥፋቱ ምን እንደተቀነሰ ሳያውቁ መቀጠል ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በፓይተን ወይም በማትላብ ትንሽ ኮድ መጻፍ ለሚችል፣ ፎሪየር የሚለው ስም አዲስ ላልሆነበት አንባቢ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ያጥብቡ

«ልብን መከታተል» የምርምር ጥያቄ አይደለም። የሚፈለገው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ብቻ ነው? በአንዱ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው? የሥርዓቱ መዛባት ነው? ወይስ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጥረው የሚታየው የቅርጽ ለውጥ? አራቱም ጥያቄዎች ቆዳ ላይ ከሚለጠፍ ከአንድ ጥንድ ኤሌክትሮድ ሊነሡ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ሲግናል ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

አንድ የልብ ምት በኢሲጂ (በልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ቅጂ) ላይ ሦስት ዋና ዋና ምልክቶች ይተዋል፦ ትንሹን የፒ ሞገድ፣ ከዚያ ሹሉን የኪውአርኤስ ቅርጽ፣ በመጨረሻም ለስለስ ያለውን የቲ ሞገድ። ኪውአርኤስ በጤናማ አዋቂ ዘንድ ከ120 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ ቁመቱም ደረት ላይ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ምት ለመቁጠር የዚህ ሹል ቅርጽ ጫፍ፣ የአር ነጥብ የሚባለው፣ ይበቃል። በኪውአርኤስና በቲ ሞገድ መካከል ያለው የኤስቲ ክፍል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የደም እጥረትን ሊጠቁም ይችላል፤ ነገር ግን ዝግ ያለ ለውጥ በመሆኑ ምትን ለመቁጠር የሚረዳው ማጣሪያ እሱን ያዛባዋል። ስለዚህ ጥያቄው ሳይወሰን ማጣሪያ መምረጥ አይቻልም።

እዚህ የምንከተለው ጥያቄ የአር ነጥቦችን በትክክለኛ ሰዓታቸው መያዝ ነው። ሌላው ጥያቄ የተለየ ነገር በሚፈልግበት ቦታ ላይ እጠቁማለሁ።

ደረጃ 2፦ ሃርድዌር ከመግዛት በፊት በተመዘገበ ዳታ ይሥሩ

አዲስ ተመራማሪ የሚቸኩለው ወደ ሰሌዳውና ወደ ሽቦው ነው። ይታገሡ። የራስዎን መሣሪያ በራስዎ ደረት ላይ ለጥፈው የሚያገኙት ሲግናል ትክክለኛው መልስ ያልተጻፈበት ፈተና ነው፤ አልጎሪዝሙ ቢሳሳት ማን ይነግርዎታል?

መልሱ ተጽፎ የሚገኘው ኤምአይቲ-ቢአይኤች በተባለው የልብ ምት መዛባት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ቦስተን በሚገኘው ቤዝ እስራኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 ከተቀዱ የረጅም ሰዓት ቅጂዎች ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ1980 መሰራጨት ጀመረ። እያንዳንዳቸው የግማሽ ሰዓት ርዝመት ያላቸው 48 ቅጂዎች አሉት፤ በሰከንድ 360 ናሙና የተወሰደባቸው፣ በ11 ቢት የ10 ሚሊቮልት ክልል የሚሸፍኑ ናቸው። ወደ 110,000 የሚጠጉት ምቶች በልብ ሐኪሞች አንድ በአንድ ተለይተው ተሰይመዋል። ሁሉም ፊዚዮኔት በተባለው ክፍት የምርምር ማከማቻ ላይ በነጻ ይገኛል፤ ለማንበብም ደብሊውኤፍዲቢ የተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት አለ።

ማንኛውንም ነገር ከማስላትዎ በፊት ቅጂዎቹን በዓይንዎ ይዩ። ከቅጂ 100 ይጀምሩ፤ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ነው። ቀጥለው ረብሻ የበዛበትን 105፣ የፒ ሞገዱ ጎልቶ ከኪውአርኤስ ጋር የሚያምታታውን 108፣ ምቱ እጅግ የሚዘበራረቀውን 203 ይክፈቱ። በ207 ውስጥ ደግሞ የታችኛው የልብ ክፍል በጣም ፈጥኖ የሚርገበገብባቸው፣ ኪውአርኤስ የሚባል ነገር ፈጽሞ የማይለይባቸው ክፍሎች አሉ። አንድ ከሰዓት በዚህ ቢያልፍ አይቆጭም። ብዙ አልጎሪዝሞች የሚወድቁት እነዚህ ቅጂዎች ላይ ነው፤ የሚወድቁበትንም ምክንያት ከሠንጠረዥ ይልቅ ዓይን ቶሎ ያያል።

ደረጃ 3፦ የናሙና ፍጥነቱንና ጥራቱን ይወስኑ

ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 የጠቆመው፣ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 በሒሳብ ያጸናው መርህ ሲግናሉ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ ናሙና እንድንወስድ ያዛል። ሰዎች መርሁን ሲያስታውሱ አንዲት ቃል ይረሳሉ፦ «ሲግናሉ ውስጥ ካለው» ነው የሚለው፣ «ከምንፈልገው» አይደለም። የማንፈልገውም ይገባል፤ ገብቶም የምንፈልገውን መስሎ ይቀመጣል።

በምሳሌ እንየው። በሰከንድ 250 ናሙና እንወስዳለን እንበል። የመብራት ኃይል መስመሩ ደግሞ 50 ሄርዝ ነው። የመስመሩ አምስተኛ እጥፍ 250 ሄርዝ ላይ ያርፋል። መስመሩ በትንሹ ወርዶ 49.98 ቢሆን አምስተኛ እጥፉ 249.9 ይሆናል፤ ከናሙና ፍጥነቱ ጋር ያለው ልዩነት 0.1 ሄርዝ ነው። ስለዚህ በዲጂታል ሲግናሉ ውስጥ በ10 ሰከንድ አንዴ ከፍ ዝቅ የሚል ዝግተኛ ሞገድ ይታያል። ተመራማሪው የታካሚው ትንፋሽ ወይም የኤሌክትሮዱ መላላት ነው ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን የግድግዳው ሶኬት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ማንኛውም ዲጂታል ማጣሪያ ከእውነተኛው ዝግተኛ ሞገድ ሊለየው አይችልም። መከላከያው አናሎግ ነው፤ ከዲጂታል መለወጫው በፊት የሚቀመጥ ዝቅተኛ አሳላፊ (ዝቅተኛ ድግግሞሾችን ብቻ የሚያሳልፍ) ማጣሪያ። አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ከምንም ይሻላሉ፤ ከአስፈላጊው በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ናሙና ወስደው በውስጣቸው የሚያጣሩት ሲግማ-ዴልታ መለወጫዎች ደግሞ ችግሩን በአብዛኛው ይፈቱታል።

ታዲያ ስንት ናሙና ይበቃል? ምት ለመቁጠር 250 ከበቂ በላይ ነው። ሐኪም ቅርጹን አይቶ እንዲወስንበት የሚታተም ኢሲጂ እስከ 150 ሄርዝ ማሳለፍ ይጠበቅበታል፤ ለዚያ በሰከንድ 500 ናሙና የተለመደ ነው። የምት ለምት ልዩነት የሚያጠና ግን ስለ ሰዓት ማሰብ አለበት። በ100 ሄርዝ የአንድ ናሙና ርቀት 10 ሚሊሰከንድ ነው። ዕረፍት ላይ ባለ ሰው በተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ብዙ ጊዜ በአሥር ቤት በሚቆጠር ሚሊሰከንድ የሚለካ ነው፤ ስለዚህ የመለኪያው ሻካራነት ከሚለካው ነገር ጋር ይቀላቀላል። ባትሪ ለመቆጠብ ዝቅ ማለት ግድ ከሆነ በጫፉ ዙሪያ ባሉ ሦስት ናሙናዎች ላይ ፓራቦላ አስማምተው ጫፉን በናሙናዎች መካከል ይፈልጉ። ሥራው ጥቂት ማባዛት ብቻ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

የቢቱ ብዛትም የራሱ ወጥመድ አለው። የልቡ ሲግናል 1 ሚሊቮልት ቢሆንም ኤሌክትሮድና ቆዳ ሲገናኙ የሚፈጠረው ቋሚ ቮልቴጅ እስከ 300 ሚሊቮልት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ይህን ሁሉ ክልል በ16 ቢት ከሸፈኑት አንዱ እርከን ወደ 9 ማይክሮቮልት ይሆናል፤ ለፒ ሞገድ ይሻክራል። ምርጫው ሁለት ነው፦ ከማጉላት በፊት ቋሚውን ቮልቴጅ በካፓሲተር ማገድ፣ ወይም 24 ቢት መለወጫ ተጠቅሞ ሁሉንም ማስገባት። እኔ ለምርምር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቋሚው ቮልቴጅ ራሱ ኤሌክትሮዱ እየላላ መሆኑን የሚናገር ምስክር ነው፤ ካፓሲተሩ ምስክሩን ያባርረዋል።

ደረጃ 4፦ ያጣሩ፣ ጥሬውን ግን አይጣሉ

ሦስት ረብሻዎች ይጠብቁዎታል። አንደኛው ትንፋሽና እንቅስቃሴ የሚያመጡት የመሠረት መስመር መዋዠቅ ነው፤ አብዛኛው ከ0.5 ሄርዝ በታች ይገኛል። ሁለተኛው የኃይል መስመሩ 50 ወይም 60 ሄርዝ ነው። ሦስተኛው የጡንቻ ሲግናል ነው፤ በሰፊው ተበትኖ ከኪውአርኤስ ጋር ይደራረባል።

ለመዋዠቁ ከፍተኛ አሳላፊ ማጣሪያ ይጠቀማሉ። የመቁረጫ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር መስመሩ ይረጋል፤ የኤስቲ ክፍል ግን ይጣመማል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለምርመራ ኢሲጂ 0.05 ሄርዝን መነሻ ያደረገው፤ ማጣሪያው የፌዝ መዛባት (ድግግሞሾችን በተለያየ መጠን ማዘግየት) ከሌለው ግን እስከ 0.67 ሄርዝ መውጣትን ይፈቅዳል። 0.67 ሄርዝ በደቂቃ 40 ምት ማለት ነው፤ ልብ ከዚያ በታች እምብዛም ስለማይዘገይ ከዚህ ድግግሞሽ በታች የልቡ የራሱ የሆነ ነገር ትንሽ ነው።

የፌዝ መዛባት የሌለበትን ማጣሪያ ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ ሲግናሉን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ማሳለፍ ነው። በወረቀት ላይ ያምራል፣ በኮምፒውተርም ላይ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል። ግን ወደኋላ ለማሳለፍ መጨረሻውን ማወቅ ያስፈልጋል። በሕይወት ያለ ሰው ላይ በቅጽበት የሚሠራ መሣሪያ ነገን አያውቅም። በቅጽበት የሚሠራ አልጎሪዝም አቀርባለሁ ብሎ ውጤቱን በዚህ ዘዴ ያጣራ ጥናት ካጋጠመዎት ሠንጠረዡን በጥርጣሬ ያንብቡ። በመሣሪያው ላይ የሚሆነው ቀጥተኛ ፌዝ ያለው፣ ማለትም ሁሉንም ድግግሞሾች እኩል የሚያዘገይ፣ ኤፍአይአር የተባለ ማጣሪያ ነው፤ ቅርጹን አያዛባም፣ ዋጋው መዘግየት ነው፤ መዘግየቱ ግን የታወቀና ቋሚ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሰዓት ላይ መቀነስ ይቻላል።

ለኃይል መስመሩ ብዙዎች ጠባብ የድግግሞሽ ማገጃ ያስገባሉ። ጠባብ መሆኑ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን በድግግሞሽ ጠባብ የሆነ ነገር በጊዜ ረጅም ነው። 1 ሄርዝ ስፋት ያለው ማገጃ ከእያንዳንዱ ኪውአርኤስ በኋላ ሲንቀጠቀጥ ይቆያል፤ መንቀጥቀጡ ወደ ሢሶ ገደማ ለመውረድ 0.32 ሰከንድ ይፈጅበታል። ያ ጊዜ የኤስቲ ክፍልንና የቲ ሞገድን አልብሶ ያልፋል። የተሻለው አማራጭ በርናርድ ዊድሮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳዩት ራሱን የሚያስተካክል የረብሻ ማስወገጃ ነው። በማጣቀሻነት የኃይል መስመሩን ሞገድ ወስዶ መጠኑንና ፌዙን ከሲግናሉ ጋር እያስማማ ይቀንሰዋል። የማስማሚያው ፍጥነት በጣም ከበዛ ግን እሱም እንደ ጠባብ ማገጃ መንቀጥቀጥ ስለሚጀምር በዝግታ እንዲማር ያድርጉት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሽቦዎቹን ያሳጥሩ፣ ቆዳውን በደንብ ያዘጋጁ። እዚያ ላይ የሚጠፋ ረብሻ ሒሳብ አይጠይቅም።

እንቅስቃሴ የሚያመጣው የኤሌክትሮድ ረብሻ በ1 እና በ10 ሄርዝ መካከል፣ ልክ ልቡ በሚኖርበት ሰፈር ይገባል። ይህን የሚያጠፋ ቋሚ ማጣሪያ የለም። ስለዚህ ማጥፋቱን ትተን ማወቁን በደረጃ 6 እንይዛለን።

ደረጃ 5፦ ምቱን ይለዩ

ብዙ አዳዲስ ዘዴዎች አሉ፤ ሁሉም የሚወዳደሩት ግን ጂያፑ ፓን እና ዊሊስ ቶምፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1985 ካሳተሙት አልጎሪዝም ጋር ነው። እርስዎም ከሱ ይጀምሩ። በሰከንድ 200 ናሙና ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ፍጥነት ካለዎት ሁሉንም ቁጥሮች በሚሊሰከንድ አስበው ይለውጧቸው። የናሙናውን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ የተለመደ ስሕተት ነው።

በመጀመሪያ ሲግናሉ በግምት ከ5 እስከ 15 ሄርዝ በሚያሳልፍ ማጣሪያ ያልፋል። የፒና የቲ ሞገዶች በአብዛኛው ከዚያ በታች፣ የኃይል መስመሩ ከዚያ በላይ ይቀራሉ። ቀጥሎ ዴሪቫቲቭ ይወሰዳል፤ ኪውአርኤስን ከሌላው የሚለየው የተዳፋቱ ቁልቁለት ነውና። ከዚያ እያንዳንዱ እሴት በራሱ ይባዛል፤ ሁሉም አዎንታዊ ይሆናል፣ ትልቁም ከትንሹ በእጅጉ ይርቃል። በመጨረሻም የ150 ሚሊሰከንድ ተንሸራታች መስኮት አማካይ ይወሰዳል። መስኮቱ ሲጠብብ አንድ ኪውአርኤስ ወደ ብዙ ጉብታዎች ይከፋፈላል፤ ሲሰፋ ከቲ ሞገድ ጋር ይቀላቀላል።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ክፍል ነው። የአልጎሪዝሙ ጥበብ ያለው በውሳኔው ላይ ነው። ሁለት ተንቀሳቃሽ ግምቶች ይያዛሉ፦ አንዱ የእውነተኛ ጫፎች ቁመት፣ ሌላው የረብሻ ጫፎች ቁመት። አዲስ ጫፍ በመጣ ቁጥር የሚመለከተው ግምት 12.5 በመቶውን ከአዲሱ፣ 87.5 በመቶውን ከቀድሞው ይወስዳል። የመለያው ደፍ፣ ጫፉ እንደ ምት ለመቆጠር ማለፍ ያለበት ቁመት፣ ከረብሻው ግምት ተነሥቶ ወደ እውነተኛው ግምት አንድ አራተኛ መንገድ ላይ ይቆማል። የሰውየው ሲግናል ሲያንስ ደፉ አብሮ ይወርዳል፤ ረብሻው ሲበዛ ይወጣል።

በዚህ ላይ ከልብ ተፈጥሮ የተወሰዱ ሦስት ደንቦች ይጨመራሉ። ከአንድ ምት በኋላ ባሉት 200 ሚሊሰከንዶች ውስጥ ሌላ ምት አይቆጠርም። ከ200 እስከ 360 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ የመጣ ጫፍ ቁልቁለቱ ካለፈው ኪውአርኤስ ከግማሽ በታች ከሆነ የቲ ሞገድ ተብሎ ይጣላል። ከአማካዩ የምት ርቀት 166 በመቶ ካለፈ በኋላም ምት ካልተገኘ አልጎሪዝሙ ወደኋላ ተመልሶ በግማሽ ደፍ እንደገና ይፈልጋል። ሦስተኛውን ደንብ ሳይጽፉ «ፓን-ቶምፕኪንስ ተጠቀምኩ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ከዚያም አዲሱ ዘዴያቸው ያልተሟላውን ሲያሸንፍ ይደሰታሉ።

በአነስተኛ ቺፕ ላይ በሙሉ ቁጥር የሚጽፉ ከሆነ የቢት ሒሳብ ይሥሩ። ወደ ማባዣው የሚገባው 12 ቢት ከሆነ ሲባዛ 24 ይሆናል፤ 30 እሴቶች ሲደመሩ 29 ገደማ ይደርሳል፤ በ32 ቢት ውስጥ ይገባል። ከማጣሪያው በፊት ያጎሉት እንደሆነ ግን ሞልቶ ይፈሳል፤ ያኔ ትልቁ ምት በድንገት አሉታዊ ቁጥር ይሆናል።

የሚገኘው የመስኮቱ ጫፍ እንጂ የአር ነጥቡ አለመሆኑንም አይርሱ። ትክክለኛ ሰዓት ከፈለጉ የማጣሪያዎቹን መዘግየት ቀንሰው በመጀመሪያው ሲግናል ላይ በአካባቢው ያለውን ጫፍ ይፈልጉ። ጥሬውን አትጣሉ ያልኩት ለዚህም ነው።

ደረጃ 6፦ «አላውቅም» የሚል መልስ ይጨምሩ

አልጎሪዝም ሁልጊዜ ይመልሳል። ኤሌክትሮዱ ወድቆ ሽቦው አየር ላይ ቢንጠለጠልም በደቂቃ 83 ምት ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ከምት መለያው ጎን ለጎን የሲግናሉን ጥራት የሚመዝን ክፍል ይሥሩ። ለመነሻ አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ሲግናሉ ከክልሉ ጫፍ ላይ ተጣብቋል? ለሰከንዶች ጠፍጣፋ ሆኗል? የምቶቹ ርቀት በሰው ልክ ነው? የእያንዳንዱ ምት ቅርጽ ካለፉት ምቶች አማካይ ቅርጽ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል? አንዲት የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ቺፕ ከተጨመረች ደግሞ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ማወቅ ይቻላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሥርዓቱ የተዛባ ልብ ቅርጹም ርቀቱም ይለዋወጣል፤ ጥብቅ የጥራት መለኪያ እሱን «ረብሻ» ብሎ ሊጥለው ይችላል። እንዲህ ከሆነ መሣሪያው ጤናማውን በትጋት ይከታተላል፣ ለታመመው ግን ዓይኑን ይጨፍናል። የጥራት መለኪያውን በንጹሕ ቅጂ ላይ ሳይሆን በ203 እና በ207 ላይ ይፈትኑት።

ደረጃ 7፦ ሬዲዮውን ያቀናብሩ

ለዚህ ሥራ የተለመደው ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በብሉቱዝ 4.0 የመጣው። በ2.4 ጊጋሄርዝ ባንድ ላይ 40 ቻናሎች አሉት፤ 37ቱ ለዳታ ናቸው፣ መሣሪያዎቹም በእነሱ መካከል እየዘለሉ ረብሻ ያለበትን ይሸሻሉ። የሚያስፈልገን የመላክ ፍጥነት ትንሽ ነው፦ 250 ናሙና በ12 ቢት በሰከንድ 3,000 ቢት ብቻ። ስለዚህ አስቸጋሪው ነገር ፍጥነት አይደለም፤ መቋረጥ ነው። በዚህ ድግግሞሽ የሰው አካል ሞገዱን ክፉኛ ይመጥጣል። መሣሪያው ደረት ላይ፣ ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ሲሆን በመካከል ያለው ሰውየው ራሱ ነው።

ብሉቱዝ ያልደረሰ ፓኬትን (አብሮ የሚላክ የዳታ ጥቅልን) እስኪደርስ ይደግመዋል፤ በ24 ቢት ማረጋገጫም የተበላሸውን ይጥላል። ታዲያ ዳታ ለምን ይጠፋል? ድጋሚ መላኩ ሲበዛ በላኪው ማቆያ ውስጥ አዳዲስ ናሙናዎች ይከማቻሉ፤ ማቆያው ሲሞላ የሚጣለው በእርስዎ ኮድ ነው፣ በሬዲዮው አይደለም። ግንኙነቱ ጨርሶ ሲቋረጥም እንዲሁ። ስለዚህ መጥፋቱን የሚያውቅ ፓኬት መቅረጽ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

አንድ የሚሠራ ቅርጽ ይኸውና። ያለ ተጨማሪ ድርድር በአንድ መልእክት የሚላከው የተጠቃሚ ዳታ 20 ባይት ነው። 2 ባይት ለተራ ቁጥር ይስጡ፤ በቀሩት 18 ባይት ውስጥ ልክ 12 ናሙናዎች በ12 ቢት ይገባሉ። በሰከንድ ወደ 21 ፓኬት ይሆናል። ተራ ቁጥሩ 65,536 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህ በ52 ደቂቃ ገደማ አንዴ ነው። ግንኙነቱ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ከተቋረጠ ስንት ዙር እንዳለፈ አይታወቅም። ስለዚህ በየደቂቃው ሙሉ ሰዓት የያዘ የተለየ ፓኬት ይላኩ። ከብሉቱዝ 4.2 ወዲህ ረጅም ፓኬት ስለሚቻል ሁለቱም ወገን ከተስማሙ ብዙ ናሙናዎችን በአንድ መላክ ባትሪ ይቆጥባል፤ የአንዱ ፓኬት መጥፋት ግን የበለጠ ያጎድላል።

ተቀባዩ ክፍተት ሲያይ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ ክፍተቱን እንደ ክፍተት ያስቀምጠው። ቀጥታ መስመር ስቦ መሙላት ለማጣሪያው ይመቻል፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ልብ የቆመ ያስመስላል። ናሙናዎቹን ማገጣጠምም የባሰ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ጠፍቶ ሳለ ምቶቹ የተቀራረቡ ይመስላሉ። ማጣሪያው ቀጣይ ሲግናል ካስፈለገው ለማጣሪያው ብቻ ይሙሉለት፣ ከክፍተቱ የወጣን ማንኛውንም ምት ግን ይሰርዙ።

ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያው በራሱ ላይ ማኅደረ ትውስታ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የ24 ሰዓት ቅጂ በ250 ናሙና፣ በ2 ባይት ሲቀመጥ 43.2 ሜጋባይት ነው። ይህ ለአንዲት ትንሽ የማስታወሻ ካርድ ምንም አይደለም። ሬዲዮው ለቅጽበታዊ እይታ ይሁን፤ ለምርምሩ ካርዱ ይመስክር።

ደረጃ 8፦ ሰዓቶቹን ያስታርቁ

መሣሪያው የራሱ ክሪስታል አለው፣ ስልኩም የራሱ። የ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20) ስሕተት ያለው ክሪስታል በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይስታል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢስቱ ልዩነቱ ወደ 3.5 ሰከንድ ይደርሳል፤ ይህም ብዙ ምት ነው። ፓኬቱ ስልኩ ላይ የደረሰበትን ሰዓት እንደ ናሙናው ሰዓት አይቁጠሩ፤ ድጋሚ መላክ ያንን ሰዓት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። የናሙና ተራ ቁጥርን ከመድረሻ ሰዓቱ ጋር በረጅም ጊዜ ላይ በቀጥታ መስመር ያስማሙ፤ የመስመሩ ቁልቁለት እውነተኛውን የናሙና ፍጥነት ይነግርዎታል።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን በሐቅ ይለኩ

የተገኘ ምት ከተመዘገበው ምት በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከሆነ እንደ ትክክል መቁጠር የተለመደ ነው። ከዚያ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፦ ከእውነተኛዎቹ ምቶች ስንቱ በመቶ ተገኙ፣ ከተገኙት ስንቱ በመቶ እውነተኛ ናቸው። አንዱን ብቻ ማቅረብ ግማሽ እውነት ነው፤ በየናሙናው «ምት ነው» የሚል ፕሮግራም በመጀመሪያው መለኪያ መቶ በመቶ ያገኛል።

መቶኛው ምን ማለት እንደሆነም ያስሉ። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን 100,800 ጊዜ ይመታል። 99.5 በመቶ የሚያገኝ አልጎሪዝም በቀን ወደ 500 የሚሆን ምት ያመልጠዋል። እያንዳንዱ ያመለጠ ምት የልብ መቆም ማንቂያ ቢያስነሣ መሣሪያው በመጀመሪያው ሌሊት ይጠፋል። ውጤቱን በ48ቱ ቅጂዎች ድምር ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቅጂ ያቅርቡ፤ ድምሩ የ108ን ውድቀት በ100 ስኬት ይሸፍነዋል።

ማሽን ሌርኒንግ የሚጠቀሙ ከሆነ ዳታውን በሰው ይከፋፍሉት፣ በምት አይከፋፍሉት። የአንድ ሰው ምቶች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ግማሾቹ ለማሠልጠኛ፣ ግማሾቹ ለፈተና ከሆኑ ሞዴሉ ሰውየውን እንጂ በሽታውን አይማርም። በስፋት የሚሠራበት ክፍፍል አራቱን ሰው ሠራሽ የምት መቆጣጠሪያ ያለባቸውን ቅጂዎች አስወጥቶ የቀሩትን 44 በ22 እና በ22 ይከፍላል። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ 48ቱ ቅጂዎች የ47 ሰዎች ናቸው፣ 201 እና 202 ከአንድ ሰው የተወሰዱ ናቸው፤ በዚህ ክፍፍል ደግሞ አንዱ በማሠልጠኛው፣ ሌላው በፈተናው ውስጥ ይገኛል። አንዱን አውጥተው ውጤቱን እንደገና ቢያሰሉት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ለረብሻ መቋቋም ፊዚዮኔት ላይ የተዘጋጀ የረብሻ ፈተና አለ። ንጹሖቹን ቅጂዎች 118ን እና 119ን ወስዶ የኤሌክትሮድ እንቅስቃሴ ረብሻ በስድስት መጠን፣ ሲግናሉ ከረብሻው በ24 ዴሲቤል ከሚበልጥበት በ6 ዴሲቤል እስከሚያንስበት ድረስ፣ ጨምሮባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ንጹሕ ናቸው፤ ከዚያ በየ2 ደቂቃው ረብሻና ንጽሕና ይፈራረቃሉ። ረብሻው ካለፈ በኋላ አልጎሪዝምዎ በስንት ሰከንድ እንደሚያገግም እዚህ ይለኩ። ሰዎች ይህን ቁጥር እምብዛም አይጽፉትም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚናገር ቁጥር ነው። ደፉ በረብሻው ተሰቅሎ የቀረ አልጎሪዝም ቀጣዮቹን እውነተኛ ምቶች ሁሉ ያልፋቸዋል።

ለሬዲዮውም ተመሳሳይ ፈተና ይሥሩ። ከተመዘገበው ዳታ ላይ ፓኬቶችን ሆን ብለው ያጥፉ፤ አንዴ በተበታተነ መንገድ፣ አንዴ በተከታታይ። አምስት በመቶ ተበታትኖ ሲጠፋና አምስት በመቶ በአንድ ቦታ ሲጠፋ ውጤቱ ይለያያል። በእውነተኛ ሰው ላይ የሚሆነው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ደረጃ 10፦ ወደ ሰው ይሂዱ

አሁን ሃርድዌሩን ይግዙ። ኤሌክትሮዱ ሰው ላይ ባለበት ጊዜ ሁሉ መሣሪያው በባትሪ ብቻ ይሥራ። ከኃይል መስመር ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ወይም ቻርጀር በሽቦ አይነካው፤ አንድ የተበላሸ ቻርጀር የመስመሩን ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ደረት ሊያደርሰው ይችላል። ሬዲዮው ለዚህም ይጠቅማል።

ተሳታፊዎችን ከመመዝገብዎ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያግኙ። የተሳታፊውን ስም መሰረዝ ብቻ ዳታውን ስም አልባ አያደርገውም፤ የቀኑና የሰዓቱ ምዝገባም ሰውን ሊያሳውቅ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ሰው ሰዓቱን በተለያየ መጠን አሸጋግረው ያስቀምጡ። ከራስዎ መሣሪያ ጎን ለጎን የታወቀ የኢሲጂ መቅጃ በአንድ ጊዜ ይለጥፉ። ሁለቱን ሲግናሎች ለማስማማት ተሳታፊው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮዶቹን ሁለት ሦስት ጊዜ በጣቱ መታ መታ ያድርግ፤ ምልክቱ በሁለቱም ላይ በግልጽ ይታያል፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርዝመትም የሰዓቶቹን መሳሳት ያጋልጣል። ተሳታፊው ይቀመጥ፣ ይራመድ፣ ደረጃ ይውጣ፣ ስልኩን ከፊት ወደ ኋላ ኪስ ያዛውር። ለእያንዳንዱ ሁኔታ ሦስት ቁጥር ይመዝግቡ፦ የደረሱ ፓኬቶች በመቶኛ፣ የጥራት መለኪያው የተቀበለው ጊዜ በመቶኛ፣ በተቀበለው ጊዜ ውስጥ በትክክል የተገኙ ምቶች በመቶኛ። ሦስቱን ለየብቻ ያሳትሟቸው፣ ጥሬውን ሲግናልና ኮዱንም አብረው ያውጡ።